መርፌና ቀንዶ

ሰኞ፣ ወሩ በገባ በ3

ብዕሩን የያዘችው ምራቴ ናት፤ ቃሉ ግን የእኔ ነው። መጀመሪያ ይህን ጻፊ አልኳት፣ ጻፈች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አላፍርበትም። ፊደል የቆጠሩትም ሲሳሳቱ ኖረዋል፤ ያልቆጠረ ሰው ሲሳሳት ቢያንስ በወረቀት ላይ ማስረጃ አይተውም።

አሁን ግን ልተው ነው። ደብተሩን የሰጠችኝ የወፍ አስተማሪዋ ናት። ከዩኒቨርሲቲ ነው የምትመጣው። እኔ በሆስፒታሉ ግቢ ሠላሳ አንድ ዓመት አትክልተኛ ነኝ። ከኋላው ግንብ ሥር አርባ ሦስት እግር አበባ አለኝ፤ ሁሉንም በእጄ የተከልኩት ነው። አበባው ቀይ ነው፣ ረጅም ነው፣ እንደ ቀንድ ጎበጥ ይላል። የመጽሐፍ ስሙን አስተማሪዋ ብትነግረኝም አፌ አልያዘውም። እኔ ቀንዶ እለዋለሁ። ከቀንዶ የምትጠጣ ወፍ ደግሞ አለች፤ አካሏ አውራ ጣት አያክልም፣ ምንቃሯ ግን እንደ ጆንያ መርፌ ረጅምና ቆልመም ያለ ነው። እሷን መርፌ እላታለሁ።

አዲሱ አስተዳዳሪ ቀንዶን ነቅሎ ቦታውን መኪና ማቆሚያ ሊያደርገው ነው። አስተማሪዋ፣ «ወፏና አበባው አንዱ ያለ አንዱ እንደማይኖር ለኮሚቴው ካሳየን ይተርፋል» አለችኝ። ኮሚቴው በ28 ይቀመጣል። «አባባ፣ እርስዎ ሁልጊዜ እዚያ ነዎት። በየጠዋቱ ስንት ጊዜ እንደመጣችና ምን እንዳደረገች ያስጽፉልኝ።»

እሺ አልኩ። ዛሬ ጠዋት መርፌ አሥራ አንድ ጊዜ መጣች። ምንቃሯን በአበባው አፍ አስገባች፣ ጠጣች፣ ሄደች። በዓይኔ አየሁ።

ማክሰኞ፣ 4

ዘጠኝ ጊዜ። ካፊያ ነበር።

አንድ የማይረባ ሰው የእጅ ጋሪዬን ከቦታው አንቀሳቅሶት ቅልጥሜ ተላጠ። ምራቴ፣ «ጋሪው ሁልጊዜ የሚቆምበት ነው የቆመው፤ ትናንት ሳልፍ አይቼዋለሁ» ትላለች። የልብስ ሰፊ ስለ ጋሪ ምን ያውቃል። ጻፊ አንቺ።

ዓርብ፣ 7

አሥራ ሁለት ጊዜ።

አስተማሪዋ መጥታ ከጎኔ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ሁለቱን አወዳደረችልኝ። «ይኸውልዎ አባባ፣ የወፏ ምንቃር ርዝመት ይሄ፤ የአበባው ጉሮሮ ጥልቀት ይሄ። ልክ ናቸው። ጉብጠታቸውም ልክ ነው። ስትጠጣ የአበባው ዱቄት ግንባሯ ላይ ይቀባል፣ ለሚቀጥለው አበባ ታደርሰዋለች፣ ያ አበባ ፍሬ ይይዛል። ሰይፍና ሰገባ ናቸው።»

«ሰይፍና ሰገባን አንድ አንጥረኛ ይሠራቸዋል» አልኳት። «እነዚህ ግን ጠባያቸው ለየቅል ነው።»

«እንዴት?»

እንዴትማ። ወፏ ችኩል ናት፤ አንድ አበባ ላይ ሁለት እስትንፋስ አትቆይም። ካልበላች ደግሞ ጠዋት ያየሃትን ማታ አታገኛትም። ቀንዶ ዝናብ ሁለት ወር ቢቀር ቅጠሉን አራግፎ ይጠብቃል። ወፏ በየዓመቱ ላባ ትለውጣለች፣ ባሏም ያብለጨልጫል፤ ቀንዶ ያንኑ ቀይ ቀሚስ ሠላሳ አንድ ዓመት ለብሷል። ወፏ ከከፋት ትሄዳለች። ቀንዶ ቢከፋው የት ይሄዳል? ሰው፣ ሥር ያለው ነገር ታጋሽ ነው ይላል። ውሸት ነው! ባለፈው አስተዳዳሪ ዘመን ቧንቧ ሊቀብሩ ሲሉ አንዱን እግር ከአፈር በታች ቆረጡት። በሦስት ቦታ አቆጠቆጠ። ያ ትዕግሥት አይደለም፤ እልህ ነው። ወፏ በክንፏ ትኖራለች፣ ቀንዶ በእልሁ።

ይህን ሁሉ ነገርኳት። እየሳቀች ጻፈችው። «ከየት አመጡት?» አለች። «ከጀርባዬ» አልኳት፤ «ሠላሳ አንድ ዓመት የጎነበሰ ጀርባ ብዙ ይማራል።»

አቅርቦ የሚያሳየውን መነጽሯን ልትሰጠኝ ነበር፤ አያስፈልገኝም አልኩ። የወፏን ሥዕል ሰጠችኝ። ይዤ፣ ቆንጆ ነው አልኩ። ስትሄድ ዘበኛው፣ «ጋሼ፣ ወፏን ዘቅዝቀው ነው የያዟት፤ ደም ወደ ጭንቅላቷ ይወርዳል» ብሎ ሳቀ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ወረቀት ቢዘቀዝቅ ምኑ ይገርማል? መሃይምነት አንድ ጥቅም አለው፤ ማንም አንብብ ብሎ አይፈትንህም።

ምን ቀና ብለሽ ታዪኛለሽ? ጻፊ።

ሰኞ፣ 10

አሥራ አራት።

የመርፌ ድምፅ ዘንድሮ ጎርነን ብሏል። ድሮ ክር እንደሚተረትር ቀጭን «ሲጥ» ነበረች፤ አሁን «ጭክ፣ ጭክ» ትላለች፣ ሳል እንደያዘው ሰው። አርጅታለች አልኩ። እኔም አርጅቻለሁ፤ አንተዋወቅም እንዴ።

ረቡዕ፣ 12

አሥር።

ከሻይ ክፍሉ መስኮት ሥር ሣር ሳጭድ ሰማሁ። አንዷ ጽዳት ሠራተኛ፣ «ሽማግሌው ትናንት ለመብራት ምሰሶው እንደምን አደሩ አሉት» ትላለች። ሌላዋ፣ «ምሰሶውስ ምን አለ?» ሁሉም በሳቅ ተንጫጩ።

ከምሰሶው ኋላ የቆመ ሰው ነበር። ለእሱ ነው ሰላምታ የሰጠሁት። ደግሞስ እዚያ ግቢ ውስጥ ለሰላምታ ከሚመልሱት ይልቅ ምሰሶው የተሻለ ጨዋ ነው።

ምራቴ፣ «ይሄም ይጻፍ?» አለችኝ። ይጻፍ።

እሑድ፣ 16

ልጄ ከጉዞ ተመልሶ ዋለ። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ በየአሥራ አምስት ቀኑ ነው ቤቱን የሚያይ። ገና እጁን ሳይታጠብ ጀመረኝ።

«አባዬ፣ አሁንስ ይብቃዎት። አርፈው ይቀመጡ።»

«መቀመጥ ምን ዓይነት ዕረፍት ነው? ድንጋይም ይቀመጣል።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ሠርተው አንድ ቀን ሐኪም ፊት ቀርበው ያውቃሉ?»

«አትክልተኛ ነኝ እንጂ በሽተኛ አይደለሁም!»

ምራቴ በመሃል ገብታ፣ «ወጡ ቀዘቀዘ» አለች። ሁለታችንም ወደ ገበታው ቀረብን። ልጄ ሲወጣ በር ላይ በቀስታ፣ «ደረጃው ላይ መብራት ይደረግላቸው» ሲላት ሰማሁ። ጆሮዬ የወጣት ነው። መብራት ምን ያደርግልኛል፤ ደረጃው ሰባት ነው፣ ሦስተኛው የተሸረፈ ነው። ይህን ከማወቅ በላይ መብራት የለም።

የእሱን ልብ ሳደርቅ ዋልኩ። ልጅ አባቱን ሲያስብ መልሱ ይህ አልነበረም። ነገ ሲሄድ ልመርቀው።

ሰኞ፣ 17

ሳልመርቀው ሄደ። በሌሊት ነው የወጣው።

አስተዳዳሪው ሜትር ከያዘ ሰው ጋር መጣ። ሽቶው ቀድሞት ይደርሳል። ሰውየው መሬቱ ላይ ኖራ ያሰምራል፤ ከአበባዬ ሥር ኖራ ሲበተን ይሸተኛል።

«አባት፣ መቼም አይቀየሙኝም፤ መኪና የሚቆምበት ጠፋ እኮ። የበሽተኛ ጉዳይ ነው።»

«በሽተኛ በመኪና ማቆሚያ አይድንም። ደግሞ በሽተኞቹ በእግራቸውና በታክሲ ነው የሚመጡት። የሚቆመው የእናንተው መኪና ነው።»

ሜትር የያዘው ሰው ሳል አስመስሎ ሳቀ።

«ወፏ እንደሆነች ሌላ ቦታ ትሄዳለች፤ ክንፍ አላት» አለ አስተዳዳሪው።

«ክንፉን አልሰጠሃትም፤ ዛፏን ግን ወስደህባታል።» ባለፈው ዓመት፣ በመጣ በወሩ፣ የስም ሰሌዳው ይታይ ብሎ የበሩን ትልቅ ዛፍ ያስቆረጠ እሱ ነው። መርፌ ጎጆዋን የምትሠራው እዚያ ነበር።

«ኮሚቴው ይወስናል» ብሎ ሄደ።

ይወስን። ኖራውን በእግሬ አጠፋሁት። ነገም ካሰመሩ ነገም አጠፋለሁ።

ዛሬ ስንት ጊዜ እንደመጣች በንዴት አልቆጠርኩም። አሥር ብለሽ ጻፊ። አይ፣ ተይው። አልቆጠርኩም በይ።

ሐሙስ፣ 20

ዛሬ ረጅም ነው። ብዕሩ ቀለም እንዳለው እዪ።

ጠዋት የጠወለገ አበባ በእጄ ስለቅም ከአንዱ አበባ ግርጌ፣ ከግንዱ ጋር በሚጋጠምበት፣ ጣቴ ስንጥቅ ነካ። ትል ነው አልኩ። ሌላውን ዳሰስኩ፤ ስንጥቅ። የትል ቀዳዳ ክብ ነው፤ ይህ በምላጭ እንደተከፈተ ቦርሳ ነው። ከመጀመሪያው እግር እስከ አርባ ሦስተኛው ሄድኩ። ስንጥቅ የሌለው አበባ ብርቅ ሆነብኝ።

ከአርባ ሦስተኛው ሥር ቁጭ አልኩ፤ ቅርንጫፉ ጆሮዬን ይነካል። እሷም መጣች። «ጭክ፣ ጭክ።» ክንፏ አጠገቤ ተርገበገበ። ከዚያ ትንሽ ድምፅ ሰማሁ፤ ጥፍር ሐር ሲቀድ የመሰለ። ከአፉ አልገባችም። ከግርጌው ወጋችው፣ ጠጣች፣ ሄደች። ዱቄቱን የት ታገኘዋለች? ዱቄቱ ያለው በአፉ በኩል ነው። በደጅ ገብቶ እንግዳ በመሆን ፋንታ ግድግዳ ነድሎ መስረቅ።

ያን ጊዜ ገባኝ። መርፌ አላረጀችም። ይቺ መርፌ አይደለችም። ሌላ ወፍ ናት፣ ምንቃሯ አጭር፤ አበባው ቢጠልቅባት ከሥሩ ትበሳዋለች። ድምፁ ሌላ መሆኑን ጆሮዬ ከነገረኝ ሰንብቷል፤ እኔ ነኝ ለጆሮዬ መልስ ፈጥሬ ያስተኛሁት። «ሲጥ» የምትለውን ዘንድሮ አንድ ቀን አልሰማኋትም። ዛፏ ከተቆረጠ ወዲህ።

እንግዲህ በዓይኔ አየሁ ብዬሽ ነበር። አላየሁም። ወፍ ካየሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዳር ዳሩ ይታየኛል፣ መሃሉ ጥቁር ነው። ሰው ላይ ዓይኔን ሳሳርፍ ሰውየው ይጠፋል፤ ዓይኔን ከነሳሁት ጫፉ ይመጣል። «በአፍ ገባች፣ ጠጣች» ያልኩሽ የድሮዋን ነው። ቁጥሩ የጆሮዬ ነው፤ አገባቧን ግን ከትዝታዬ ነው ያስጻፍኩሽ።

እዚህ ላይ ምራቴ ብዕሩን አስቀመጠች። «አውቃለሁ አባባ» አለች።

«ከመቼ ወዲህ?»

«አምና ሻይዎ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ጨው ጨምረው፣ ጥሩ ነው ብለው እስከ ታች ከጠጡ ወዲህ።»

«ጥሩ ነበር» አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ሌላ ነገር ሆነ። ብዕሩን አንሺ፤ ወረቀቱን አታርጥቢብኝ።

ቅዳሜ፣ 22

ለአስተማሪዋ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስንጥቁንም ዓይኔንም። ወደ አበባው ሄደች። ብዙ ቆየች። ስትመለስ እግሯ ይጎተታል።

«እውነትዎን ነው» አለች። «እኔ የምመጣው ቀትር ላይ ነው፤ ወፍ በሌለበት። የእርስዎን ቁጥር ይዤ ነው የጻፍኩት።»

«አጥፍቻለሁ።»

«እኔም። ደግሞ ግርጌውን አላየሁም። ልኬቱን ስወድደው አበባውን ረሳሁት።»

ከጎኔ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ኮሚቴው ስለ ወፍ የሚያውቀው የለም። ደብተሩን እስከ 17 ያለውን ብቻ ብናቀርብስ? አበባው ይተርፋል» አለች።

አልዋሽም፣ ጎመጀሁ። አርባ ሦስቱም እግር በፊቴ ቆሙ። እሺ ለማለት አፌ ተከፍቶ ነበር።

«አይሆንም» አልኩ። «አንድ ጊዜ ሳላውቅ ዋሸሁ፤ ሳላውቅ እንኳ አልልም፣ ግማሹን እያወቅሁ። ሁለተኛውን ሙሉውን እያወቅሁ አልዋሽም። ያስጻፍኩት እንዳለ ይቀመጥ፣ ከሥሩ እውነቱ ይከተል፤ ኮሚቴው ሁለቱንም ይስማ። እኔ ራሴ እናገራለሁ።»

«ዓይንዎን ከተናገሩ ሥራዎን ያጣሉ እኮ አባባ።»

«ሁለት ዓመት በጣቴ ስገርዝ አንድ ቅርንጫፍ ያለ ቦታው የቆረጥኩ እንደሆነ አሳዪኝ።»

ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ ስታገላብጥ ሰማኋት። ከዚያ፣ «የለም» አለች።

ማክሰኞ፣ 25

የቀንዶን ፍሬ በእጄ ስከፍት ዋልኩ። ከአሥሩ ሰባቱ ባዶ፤ ዘር የለውም። ይህንም እናገራለሁ።

ፈርቻለሁ ብለሽ አትጻፊ።

ጻፍሽው? እንግዲያው ይቅር።

ዓርብ፣ 28

ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። አዲስ ቀለም የሚሸት ክፍል ነው። ወንበሮቹ ጎማ እግር አላቸው፤ ሰው ሲንቀሳቀስ ይንሸራተታሉ እንጂ ድምፅ የላቸውም። ስምንት ሰው አለ አሉኝ። ምራቴ ከስፌቷ ፈቃድ ጠይቃ ከኋላዬ ተቀመጠች።

አስተማሪዋ ሁለቱን አወዳደረች፤ ምንቃርና ጉሮሮ፣ ጉብጠት፣ ዱቄት። ሰው ሁሉ እሺ እሺ ይላል። ከዚያ፣ «ይህ ግን ባለፈው ዘመን የነበረው ነው። የዘንድሮውን የሚነግሩን እሳቸው ናቸው» ብላ ለእኔ ለቀቀችው።

በቅርጫት ያመጣሁትን አበባ ለእያንዳንዱ አደልኩ። «ዓይናችሁን ጨፍኑ» አልኩ።

አስተዳዳሪው፣ «ጨዋታ ነው እንዴ?» አለ።

«እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ስጫወተው ነበር። አንተ ለአንድ ደቂቃ ሞክረው። ጣትህን በግርጌው አሳልፍ።»

ጣታቸውን አሳለፉ። አንድ ሰው፣ «እ፣ የተቀደደ ነገር አለ» አለ። ሌላውም፣ «የኔም።» ዋና ነርሷ፣ «እኔ ሃያ ዓመት ከመስኮቴ ሳየው ይህን አንድ ቀን አላየሁም» አለች።

ነገርኳቸው። ረጅሟ ወፍ መሄዷን፣ አጭሯ ነድላ እንደምትሰርቅ፣ ከአሥር ፍሬ ሰባቱ ባዶ መሆኑን። ደብተሩ ላይ አየሁ ያልኩት ውሸት መሆኑን፣ ዓይኔ መሃሉ መጥፋቱን። ሁሉንም ቆሜ ነው የተናገርኩት፤ ጠረጴዛም አልተደገፍኩም።

አስተዳዳሪው ወደ ኋላ ደገፍ አለ መሰለኝ፣ ድምፁ ራቀ። «እንግዲህ ወፏ ሌባ፣ ምስክሩ ዓይነ ስውር። ታዲያ ምን ቀረ?»

«ቀንዶ ቀረ!» አልኩ። «በየቀኑ እየተዘረፈ በየቀኑ ያብባል። ሌባ የሚመላለሰው ሀብት ያለበት ቤት ነው፤ ባዶ ቤት ማን ይነድላል? ባለቤቷን ወፍ ያባረረ ደግሞ አበባው አይደለም። የበሩን ዛፍ ማን እንዳስቆረጠ እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል። ወዳጁን አባራችሁበት፣ ሌባ አስገባችሁበት፣ አሁን ደግሞ ተዘረፍክ ብላችሁ ልትነቅሉት ነው? ይህ ፍርድ በሰው ላይ ቢሆን ትጮኹ ነበር።»

 ከኋላዬ ምራቴ ስትተነፍስ ሰማኋት።

አስወጥተውን ተመካከሩ። ስንመለስ ዋና ነርሷ ናት ያነበበችው። አበባው እስከሚቀጥለው ዓመት ማበቢያ አይነቀልም። በበሩ ዛፍ ፋንታ ሌላ ይተከላል። አስተማሪዋ ረጅሟ ወፍ ትመለስ እንደሆነ ታጠናለች። አትክልተኛው በዓይን ሕመም ምክንያት ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ በጡረታ ይሰናበታል፤ መቀሱን ያስረክባል።

«መቀሱ የራሴ ነው» አልኩ። «የሆስፒታሉ መቀስ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ተሰብሯል። ስብርባሪውን ከፈለጋችሁ መጋዘን አለ።»

ይህን ብዬ ወጣሁ። በሩን አልሳትኩትም።

ደጅ ወጣን። ምራቴ ክንዴን ያዘች። እስከ ታክሲው አለቀቀችኝም፤ እኔም ልቀቂኝ አላልኳትም።

እሑድ፣ 30

ትናንት አላስጻፍኩም። ልጄ ከጉዞ ተመልሷል፤ እቤት ነው። መረቅሁት፤ ዓይን ሐኪም ዘንድም ሐሙስ ይዞኝ ሊሄድ ነው። የጠፋው አይመለስም ብለው ይነግሩኛል፣ አውቀዋለሁ። የቀረውን ዳር ዳር እንዴት እንደምጠብቅ ግን ልጠይቃቸው።

ዛሬ ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ሄድኩ። ዘበኛው በሩ ላይ ተገትሮ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ጡረታ ወጥተዋል፤ አለቃ እንዳላስገባዎ ነግሮኛል» አለ።

«ሠራተኛ አይደለሁም፤ ጠያቂ ነኝ።»

«ማንን ሊጠይቁ?»

«አርባ ሦስት ዘመድ ተኝቶብኛል።»

ሳቁን ዋጠ። «የመጠየቂያ ሰዓት አልደረሰም።»

«እጠብቃለሁ።»

ከበሩ ውጭ፣ የተቆረጠው ዛፍ ጉቶ ላይ ተቀመጥኩ። ሌላም ጠያቂ ከሳህኑና ከፔርሙዙ ጋር አጠገቤ ይጠብቃል። ሰዓቱ ሲደርስ ከሕዝቡ ጋር ገባሁ፤ ዘበኛው አውቆ ጀርባውን ሰጠኝ መሰለኝ፣ ሌላውን ሲያናግር ድምፁ ወደ ወዲያ ዞሮ ነበር።

አስተማሪዋ እያንዳንዱን ወፍ በድምፁ ለይቼ እንዳስጽፍላት ጠይቃኛለች። ስለዚህ የዛሬው ይኸው። አጭሯ፣ ጭክ የምትለው፣ ሃያ አንድ ጊዜ፤ ሁልጊዜም ከግርጌ። ረጅሟ፣ ምንም። ንብ፣ ብዙ። አዲስ ያበበ በእጄ ዳስሼ የቆጠርኩት፣ መቶ አሥራ ስድስት። ሰማሁ ያልኩትን ሰምቻለሁ፤ ነካሁ ያልኩትን ነክቻለሁ።

ነገም የመጠየቂያ ሰዓት አለ። ከነገ ወዲያም አለ። የሚከለክለኝ ካለ በሩ ላይ ይጠብቀኝ፤ እኔም ስጠብቀው እገኛለሁ።

በቃ። አሁን ከመጀመሪያው አንብቢልኝ። እንዳታሳምሪልኝ፣ አንድም ቃል እንዳታልፊብኝ። ምራቴ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፤ ልጄም ከወዲያ ክፍል ይስማ።